ቪታራዬን ከፍ ላድርጋት ወይስ ልሞሸር?

ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ፊት ብጉር ብዙ ተጨዋውተናል። የዛሬው ደብዳቤ ግን ለየት ይላል። ከፍቶ ያነበበው የሥራ ባልደረባዬ “ይኼ የአንተ ነው፣ በሽታህን አግኝተሃል!” ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ። ዋናውን እነሆ፦

“ውድ አዘጋጅ፤ ዕድሜዬ 28 ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ባለ ሁለት በር ሱዙኪ ቪታራ አለችኝ። ስወዳት ለጉድ ነው። ጓደኞቼ ‘ይቺን ልጅ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ 31 ጎማ ብታጠልቅላት ከተማውን ታናውጠዋለህ’ ይሉኛል። በየወሩ ከከተማ ወጣ ብለን ስለምንዝናና እኔም ሐሳቡ ልቤ ውስጥ ገብቷል። እጮኛዬ ግን ‘ወይ እኔ ወይ ጎማው!’ ብላኛለች። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። እስካሁን ያልነገርኳት ነገር ቢኖር፣ ለአዳራሽ ብለን የምንጥለው ዕቁብ ወጥቶልኝ ከላዩ ላይ ለዕቃው ቀብድ መክፈሌን ነው። የትኛው ሞላ፣ የትኛው አሞርዛተር፣ የትኛው ጎማ ይሻለኛል? እሷስ እውነት አላት? እባክዎ ሳይዘገዩ ይመልሱልኝ። ግራ የገባኝ፣ ከገርጂ።”

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ አልሳቅሁም። የምትጠይቀው ሰው ራሱ በዚሁ በሽታ ታሞ የዳነ ነው። ስለዚህ ምክሩን ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጉድ ልናዘዝ።

ድፎ ዳቦውና የዓባይ ቁልቁለት

በ2004 ዓ.ም. እኔም ቪታራ ነበረችኝ። አንድ መካኒክ “ሞላ ለምን ትገዛለህ? እኔ በቶርኖ ብረት አስቆርጬ ከሞላው በላይ አስገባልሃለሁ፤ 10 ሴንቲ ከፍ ትላለች” አለኝ። ርካሽ ነገር መቼ ጠላሁና! አስገባልኝ። ከዚያ ያገለገሉ 31 ጎማዎች ፈልጌ አጠለቅሁላት። እናንተዬ፣ ሰፈሩ ጉድ አለ! የሰፈር ልጆች እየተከተሉኝ ይሮጣሉ። ካፌ በር ላይ ሳቆም ሰው ማኪያቶውን ትቶ ይዞራል። ልቤ ተነፋ።

ጥር ላይ የዘመድ ሠርግ ነበረብንና ታናሽ እህቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ጀመርን። እናታችን የጋገረችውን ድፎ ዳቦ እህቴ ጭኗ ላይ ታቅፋዋለች። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን ሸለቆ መውረድ ጀመርን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወንዙ ጋ እስክትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ኩርባው ማለቂያ የለውም።

አንዱ ኩርባ ላይ ፍሬን ስረግጥ እግሬ ወለሉ ድረስ ገባ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ባዶ ነው። እህቴ “ወንድም ጋሼ!” ስትል ብቻ ይሰማኛል። የኋላ ጎማዎቹ በተረፈችው ኃይል ትንሽ ያዝ አደረጉ። ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም እየጮኸች ወደ አንደኛ ማርሽ አወረድኳት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ከገደሉ በተቃራኒ በኩል ባለው ቦይ ውስጥ አስገብቼ ከተራራው ጋር አላተምኳት። ቆመች። ድፎ ዳቦው ከእህቴ ጭን ተንከባልሎ እግሯ ሥር ተገኘ። ለጥቂት ደቂቃ ማናችንም አልተናገርንም።

ጭነት ይዞ ዳገቱን የሚወጣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አይቶን ቆመ። ሽበት የጣለባቸው ሰው ናቸው። ጎማዬ ሥር ድንጋይ አስደርገው ጎንበስ አሉና የፊት ግራውን ጎማ ተመለከቱ። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ፣ ደግሞም ትልቁ ጎማ መሪ በዞረ ቁጥር እየፈተገው ተበጥሷል። ቀና ብለው አዩኝና እንዲህ አሉ፦ “አንተ ልጅ፣ መኪናውን ከፍ አድርገኸዋል፤ ፍሬኑን ግን እዚያው ታች ረስተኸዋል።”

እህቴ ድፎ ዳቦዋን ታቅፋ በእሳቸው መኪና ወደ ጎሐ ጽዮን ተመለሰች። ሠርጉ አመለጠን። ማታ ስንገናኝ አልተቆጣችም፤ “አንተ እኮ የምትነዳው ለሰው ዓይን ነው” ብቻ አለችኝ። ይቺ ቃል ከገደሉ በላይ አስደንግጣኛለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር ሳልጠይቅ፣ ሳላነብ፣ መኪና ሥር ሳልገባ የዋልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። የምነግርህ ከዚያ የተረፈውን ነው።

ከፍ የሚለው ምኑ ነው?

መጀመሪያ ይህን ለይ። መኪና “ከፍ አለች” ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሞላ ስትቀይር ከፍ የሚለው ሻንሲውና ቦዲው ነው። ጎማ ስታሳድግ ደግሞ ሁሉም ነገር፣ ዘንጉም ጭምር፣ ከመሬት ይርቃል። ታዲያ የቪታራህን ከኋላ ጎንበስ ብለህ እያት። ከሁሉም በታች ተንጠልጥሎ ድንጋይ የሚመታው የኋላው ዲፈረንሻል ነው። እሱ ያለው ዘንጉ ላይ ነው። ሞላህን ብትፈልግ 20 ሴንቲ ሜትር አስረዝመው፣ ዲፈረንሻሉ ካለበት አንዲት ሚሊ ሜትር ንቅንቅ አይልም! እሱን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው።

“ታዲያ ሞላ ለምን ይቀየራል?” ትለኝ ይሆናል። ለሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትልቁ ጎማ ፓራፋንጎውን ሳይነካ የሚዞርበት ቦታ እንዲያገኝ። ሁለተኛ፣ አፍንጫዋና ጅራቷ ገደላ ገደል ስትወጣና ስትወርድ መሬት እንዳይነኩ፣ ሆዷም ጉብታ ላይ እንዳይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ረዘም ብሎ ወርዶ መሬቱን እንዲይዝ። ከዚህ ውጪ ያለው ቁመት ለካፌ በር ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ አንተም የሒሳብ ሰው ነህ። በእንዲህ ዓይነቷ ቪታራ ላይ የተለመደው አንድ ልክ 205/75 አር 15 ነው። 205 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 75 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱን 75 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። 15 ደግሞ ቸርኬው በኢንች ነው። ስታሰላው የጎማው ሙሉ ቁመት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። 235/75 አር 15 ብታደርግ 73 ተኩል ገደማ ይሆናል። 31 የሚባለው ደግሞ ስሙ እንደሚለው 31 ኢንች፣ ማለትም 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ግማሹ ወደ ላይ ይሄዳላ! ስለዚህ 235 ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ 31 ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጥሃል። ለዚህች አምስት ሴንቲ ሜትር የምትከፍለውን ደግሞ ስማ።

ዳገቱ ይቆጥራል

31 ጎማ ከነበረህ ጎማ በ14 በመቶ ያህል ይበልጣል። አንድ ዙር ሲዞር ያን ያህል ይርቃል፤ ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው። ሁልጊዜ በግማሽ ማርሽ ቀለል ብለህ እንደመንዳት ቁጠረው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ ሲሳሳበት ባሕር ዳርቻ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ባለ 1.6 ሊትር ሞተሯ በሳሳ አየር ላይ ትልቅ ጎማ ተጨምሮባት እንጦጦን ስትወጣ ፍሪሲዮኑን ጠይቀው፤ በሽታው በሽታ ነው።

ፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል። 80 ሲልህ በ31 ጎማ የምትሄደው 91 ነው። በ235 ቢሆን 85 ገደማ። ኪሎ ሜትሩንም አሳንሶ ስለሚቆጥር “ነዳጅ በላች” ብለህ ስታማት ግማሹ የቆጣሪው ጥፋት ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍሬኑ ነው። የከበደና የረዘመ ጎማ ለማቆም ይቸግራል፤ ፍሬንህ ግን ያው የድሮው ነው። ኩሽኔታውም፣ የመሪው መገጣጠሚያዎችም ያን ክብደት ቀን ከሌት ይሸከማሉ።

ስለዚህ ለአንተ መኪና መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፦ 31ን ተወው። 235/75 አር 15 እና አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃሃል። ብዙ የቪታራ ወዳጆች ተሟግተው ተሟግተው የሚያርፉባት ልክ ናት።

ሞላው፣ አሞርዛተሩና የተረሳው ቱቦ

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ሻጭ “ስንት ሴንቲ ልስጥህ?” ሲልህ አንተ “ስንት ኪሎ የሚሸከም ነው?” በለው። ሞላ የሚመረጠው በክብደት ነው። ከኋላ ሁልጊዜ ዕቃ የምትጭን ከሆነ ጠንከር ያለ ያስፈልግሃል። ባዶዋን የምትነዳት ከሆነ ግን ጠንካራው ሞላ ኮብልስቶን ላይ እንደ ፌንጣ ያዘልልሃል፤ ጎማው መሬቱን ሳይዝ አየር ላይ ይውላል።

ከሞላው በላይ ብረት ወይም ፕላስቲክ ማስገባት፣ እኔ ያደረግሁት ማለት ነው፣ በልኩና በፋብሪካ ከተሠራ ለጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሠራል። ሞላው ግን ያው የደከመው የድሮው ሞላ ነው። በቶርኖ ያስቆረጥከው ደግሞ ማን እንደለካው አይታወቅም። ከቦዲውና ከሻንሲው መሃል ጉማጅ አስገብቶ ቦዲውን ብቻ ማንሳትም አለ፤ ጎማ ያስገባል እንጂ የሆዷን ከፍታ አይጨምርም።

ሞላ ስትቀይር አሞርዛተሩን አብረህ ቀይር። የድሮው አጭር ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አሞርዛተሩ መጨረሻው ድረስ ተስቦ “ቋ!” ይላል። ሞላው የሚወርድበትን ያህል እሱም መውረድ ካልቻለ የገዛኸው ሞላ ከንቱ ነው፣ ከዚያም አሞርዛተሩ ራሱ ይገነጠላል። ተገዝቶ የሚያምረው ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ፣ ለአንተ መኪና ሞዴል ተብለው የተሠሩ ሲሆኑ ነው። ሞላ ከአንዱ፣ አሞርዛተር ከሌላው ለቅሞ ማዋደድ የተጣላ ባልና ሚስት እንደማስታረቅ ነው፤ ይሆናል፣ ግን ይቆያል።

የቪታራ ፊት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የፊቱ ዲፈረንሻል የታሰረው ላይ ነው። መኪናዋን ስታነሳ እሱም አብሮ ይነሳል፣ ጎማዎቹ ግን ታች ይቀራሉ። ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሱት ዘንጎች፣ ሲቪ ጆይንት የሚባሉት፣ ወደ ታች ተንጋደው ይሠራሉ። የግሪስ መያዣ ጎማቸው ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ መሪ ስታዞር ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አምስት ሴንቲ ሜትር የምልህ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ጓደኞችህ የሚሉህ 10 ግን ሌላ ብዙ ሥራ ካልተጨመረበት ዘንጎቹን ይፈጃል።

እዚህ ላይ ባለ ደብል ጋቢናና ባለ ላንድክሩዘር አንባቢዎቼ እንዳይቀየሙኝ ባጭሩ ልናገር። ከኋላ ባሌስትራ ያለው መኪና ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ወይም ሙሉውን ባሌስትራ መቀየር ይቻላል፤ ሙሉውን መቀየር ይሻላል። በባሌስትራውና በዘንጉ መሃል ጉማጅ ብረት የሚያስገቡም አሉ። ከኋላ ይታገሱታል፤ ከፊት ግን በፍጹም! ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ሁሉ ፊት ነው የሚያርፈው። ፊታቸው በጠማዛ ዘንግ የሚሠራ ፒካፖች ደግሞ ብሎኑን በማጥበቅ ብቻ ከፍ ይላሉ። ነፃ ነው ብላችሁ ብዙ አታጥብቁት፤ መኪናው ይደርቃል፣ ሲቪ ጆይንቱም እንደ ቪታራው ይንጋደዳል።

አሁን የዓባዩ ጉዳይ። መኪናህ ሥራው አልቆ ከጋራዥ ከመውጣቷ በፊት ይህን አስደርግ፦ በክሪክ ከሻንሲዋ ይዘው ያንሷት፣ ጎማው እስኪንጠለጠል ድረስ። ከዚያ አንዱ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ ያዙርልህ። አንተ ደህና መደገፊያ መደረጉን አይተህ ከጎን ጎንበስ በልና የፍሬኑን ቱቦ ተመልከት። ተወጥሯል? ጎማው ይነካዋል? የኋላውንም እንዲሁ። ከተወጠረ ረዘም ያለ ቱቦ ይግባለት። “ግድ የለም ይበቃዋል” የሚልህ መካኒክ ካለ፣ ቁልፍህን ተቀበልና ሂድ። ቱቦው ከጠቅላላው ዕቃ ርካሹ ነው፤ የኔና የእህቴ ነፍስ የተንጠለጠለችው ግን እሱ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዊል አላይመንት ግድ ነው። ከፍ ያለች መኪና የፊት ጎማዋ አቋቋሙ ይለወጣል። ሳታስተካክል ከነዳሃት አዲሱን ጎማህን ባንድ ጎኑ በልታ በጥቂት ወር ሊሾ ታደርግልሃለች።

ጎማ ስትገዛ ጎኑን አንብብ

የጎማ ጎን ላይ ከተጻፈው ሁሉ ዋናዋ አራት ዲጂት ያላት ቁጥር ናት። 2319 ካለች በ23ኛው ሳምንት እ.ኤ.አ. በ2019 የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ የሚመስል ግን ዓመታት የቆየ ጎማ ላስቲኩ ደርቋል፤ ጎኑ ላይ ስንጥቅጥቅ ያለ ነገር ካየህ ጥለህ ሂድ። አሮጌ ጎማ ላይ በቢላ ጥርስ ቀርጸው “አዲስ ነው” የሚሉም አሉ። እንዲህ ያለው ጎማ በረባሶ ቢሆን ይሻለዋል።

ቀጥሎ 105S የመሰለ ነገር ታያለህ። 105 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 925 ኪሎ ይሸከማል፣ ኤስ ማለት እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ከዋናው ጎማህ ያነሰ መሸከሚያ ያለው አትግዛ።

ዓይነቱ ሦስት ነው። ኤችቲ ለአስፋልት፣ ኤምቲ ለጭቃ፣ ኤቲ ለሁለቱም። ኤምቲ ጥርሱ እንደ ጅብ መንጋጋ ስለሆነ ሁሉም ይመኘዋል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ግን እነዚያ ትላልቅ ጥርሶች መሬቱን የሚነኩበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ፍሬን ስትይዝ ትንሸራተታለህ። በዚያ ላይ ጩኸቱ! እጮኛህ የምትልህን አትሰማም፤ እሱንስ ፈልገኸው እንዳይሆን። ለአንተ ኤቲ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ የምትሄደው በአስፋልት አይደለም እንዴ? ለዚያውም በኮሪደር ልማቱ መስታወት በመሰለ አስፋልት!

ደግሞም የምትገዛው አራት ሳይሆን አምስት ነው። ትርፍ ጎማህ የድሮው ትንሹ ከሆነና ቢፈነዳብህ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ትሆናለህ፤ በዚያ ሁኔታ ፎር ዊል አስገብተህ ደረቅ መንገድ ላይ ብትነዳ ደግሞ ዲፈረንሻልህን ትጎዳለህ። የቪታራ ትርፍ ጎማ የኋላ በሯ ላይ መሰቀሉንም አትርሳ፤ ከባዱ ጎማ ማጠፊያውን ያላላዋልና አስጠብቀው።

የማይገዛው ዕቃ

ትልቅ ጎማ በመጀመሪያ የተፈለገው ለቁመት አልነበረም። አይስላንዶች በረዶ ላይ የሚነዷቸውን መኪኖች ባለ 38 ኢንች ጎማ የሚያደርጉት ንፋሱን አውጥተው አውጥተው ጎማው እንደ ግመል ኮቴ ተንጠፍጥፎ በበረዶው ላይ እንዲንሳፈፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዞቹ የቶፕ ጊር ቴሌቪዥን ፕሮግራም ቶዮታ ሃይሉክስ ይዞ ወደ ሰሜን ማግኔቲክ ዋልታ የተጓዘው በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህ ዘዴ ለአንተም ይሠራል፣ ደግሞም ርካሽ ነው። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ወደ ደናክል ብትወርድና አሸዋ ብታገኝ፣ 30 ፒኤስአይ የነበረውን ንፋስ ወደ 18 ወይም 20 አውርደው። ጎማው ይረዝማል፣ አሸዋውን ሳይቆፍር ይረግጠዋል። ከ15 በታች ካወረድከው ግን ከቸርኬው ሊወጣብህ ይችላል። አስፋልት ስትደርስ ደግሞ መልሰህ ንፋ፤ የላመ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ይፈነዳል። እኔ አፋር ላይ ያየኋቸው እንግዳ አመላላሽ ሾፌሮች አብዛኞቹ መኪናቸው ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ያላቸው ደህና ጎማ፣ የንፋስ መለኪያ፣ መንፊያ፣ አካፋ፣ ገመድና ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ ሶማሌ ተራ አይሸጥም።

ከፍ ያለች መኪና ኩርባ ላይ መገልበጥ እንደሚቀናት ልብ በል። ባለ ሁለት በሯ አጭርና ጠባብ ናት፤ ክብደቷን ወደ ላይ በሰቀልከው ቁጥር ለመገልበጥ ቅርብ ትሆናለች። ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ ከምረህበትማ ተወው። ደግሞም ከመቀየርህ በፊት ለቦሎ ምርመራ የምታቀርብበትን ጽሕፈት ቤትና ኢንሹራንስህን ጠይቅ። አደጋ ከደረሰ በኋላ “ይህን መኪና እኛ እንዲህ አድርገን አልመዘገብነውም” መባል መጥፎ ነው።

ቅደም ተከተሉ

ገንዘብህን እንዲህ አውጣው። አንደኛ፣ ያለውን ጠግን፤ ጎሚኒዎቹን፣ የመሪውን መገጣጠሚያ፣ ፍሬኑን፣ ኩሽኔታውን። ዕድሜዋ የገፋ መኪና ናት፤ ግማሹ “ዝቅ ብላለች” የምትለው የደከመ ሞላና ያለቀ ጎሚኒ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችህን በደህና መያዝ ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ አምስት የኤቲ ጎማ። የድሮው ጎማህ ገና ከሆነ እሱም ይቆይ። ሦስተኛ፣ ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ፣ ከረጅም የፍሬን ቱቦና ከአላይመንት ጋር። ቱቦውና አላይመንቱ የማይገቡበት ገንዘብ ከሆነ ሦስተኛውን አትጀምረው። ሁሉም ባንድ ቀን ይሁን የሚል ሕግ የለም።

እሷስ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ወንድሜ፣ እጮኛህ ጎማ አልጠላችም። “ወይ እኔ ወይ ጎማው” ያለችህ ሒሳቡ ውስጥ መኖሯን ለማወቅ ነው። አንተ ደግሞ ዕቁቡን ከላዩ ቆንጥረህ ዝም ስትል፣ ሳታውቀው መልሱን ሰጥተሃታል። ያ ዕቁብ የአንተ ብቻ አልነበረም። “የምንጥለው” ብለህ የጻፍከው ራስህ ነህ፤ እኔ ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ጋዜጣውን አጥፈህ ሳትጨርስ፣ ንገራት። ከሌላ ሰው ከሰማችው ወይም ለአዳራሹ ክፍያ ስትሄዱ ካወቀችው፣ ጉዳዩ የጎማ መሆኑ ይቀርና የመታመን ይሆናል። ቀብዱን የተቀበለህን ሰው ሄደህ አነጋግረው። ቢመልስልህ እሰየው። ባይመልስልህ በ10 ሴንቲው ፈንታ ለፍሬንና ለጎሚኒ ዕቃ እንዲለውጥልህ ጠይቀው። ቀሪውን ከደመወዝህ እየቀነስክ ወደ ሠርጉ ሣጥን መልሰው፤ ስትመልስም እሷ እያየች ይሁን። ከሠርጉ በኋላ ሁለታችሁ ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ በሉና ከላይ የጻፍኩትን ቅደም ተከተል አሳያት። ሂሳብ የገባት ሴት ምናልባት “አምስተኛውን ጎማ አትርሳ” የምትልህ እሷ ትሆናለች።

እኔ እህቴን መልሼ ለማሳመን ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለህ? ብረቶቹን አስወጥቼ፣ 31ዱን ሸጬ፣ ደህና ፍሬን አስገብቼ እንኳ ለሁለት ዓመት ያህል ከጎኔ አልተቀመጠችም። “ኋላ ይሻለኛል” ትለኝ ነበር። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ዕለት ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ሳልጠይቃት የፊቱን በር ከፍታ ገባች። ምንም አላልኩም። ቁልቁለቱ ላይ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ ወረድኩ። እሷም ምንም አላለችም፤ ቀበቶዋን ብቻ ጠበቅ አደረገች።

ወንድሜ ግራ የገባህ ከገርጂ፣ መልካም ጋብቻ። ሠርጉ ሲደርስ ቪታራህን በአበባ አስጊጣት፤ በፋብሪካ ቁመቷም ቢሆን ታምራለች። ለሌሎቻችሁም፣ ቅዳሜና እሑድ ወጣ የምትሉ፣ ዛሬ ማታ ጎንበስ ብላችሁ የፍሬን ቱቧችሁን እዩ።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት።